ሊቀ ቃላት እንዳላማው ለሽምግልና ሲላኩ

ሐኪም የሌለው ከተማ አለ። መብራት የሌለውማ ሞልቷል። ሰላምታህን ሳይመልስ ቃል የሚጠይቅህ ሰው የሌለው ከተማ ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። አንዱ ጋ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ሌላው ጋ ፖስታ ቤት ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው፤ መልኩ ይለያይ እንጂ ጠባዩ አንድ ነው። አንተ «እንዴት አደሩ?» ትላለህ፤ እሱ «ባለ አምስት ፊደል፣ አራቱ አናባቢ የሆነ የእንግሊዝኛ ቃል ንገረኝ፤ ትርጉሙ ሰልፍ» ይልሃል። እንዴት እንዳደረ ሳታውቅ መንገድህን ትቀጥላለህ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ጣትህን ስትቆጥር ትውላለህ።

የደብረ ማርቆሱ እንዳላማው ይባላሉ። ትምህርት ቤት ሳሉ «መምህር» ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የሰፈሩ ጎረምሳ በገዛ ሥልጣኑ «ሊቀ ቃላት» ብሎ ሾማቸው፤ እሳቸውም ሹመቱን ሳያቅማሙ ተቀበሉ። ታናሽ እህታቸው ያለምወርቅ ይህን ማዕረግ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። አይፈረድባትም፤ ሊቀ ቃላት የሚያስችሉት እሷ በርበሬና ቅመም በምትነግድበት መደብር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ነው። ኮረሪማ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ቃል ይጠየቃል። ያወቀ ይገዛል፤ ያላወቀ አፍሮ ከጎረቤት ይገዛል።

አጠያየቃቸው ሥርዓት አለው። የቃሉን ርዝመት ይናገራሉ፣ ከፊደሎቹ አንድ ሁለቱን ያሳያሉ፣ ትርጉሙን በአማርኛ ያስቀምጣሉ። መልሱን ግን ሞተውም አይናገሩ። «ኧረ ጋሼ ይንገሩን» ብለው ቢለምኗቸው «ይደር» ይላሉ፤ «ቃል ካላደረ አይበስልም።» ይህን ያመጡት ከደብረ ወርቅ ነው። በልጅነታቸው እዚያ ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። የቅኔ ተማሪ የተሰጠውን በልቡ ይዞ ጫካ ለጫካ ሲያሰላስል ይውላል። እሳቸው ቅኔውን ከረሱት ቆይተዋል፤ ሰውን እያሰላሰለ እንዲውል ማሰማራቱን ግን አልረሱትም። ስልኩን አውጥቶ መልሱን የሚፈልግ ወጣት ካዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ሌብነት ነው ባይ ናቸው።

የጥርስ ሐኪሙን ነገር የማያውቅ የለም። ክፉኛ አሟቸው ሄዱ። ሐኪሙ ወግቶ አደንዝዞ፣ ጉጠቱን አንስቶ፣ አፍዎን ይክፈቱ ሲላቸው ከፈቱ፤ የከፈቱት ግን ለመጠየቅ ነበር። ባለ አምስት ፊደል፣ አንደኛውም አራተኛውም «ቲ» የሆነ፣ ትርጉሙ እዚሁ አፍ ውስጥ ያለ። ወጣቱ ሐኪም ጉጠቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት በሽተኞች «አልነቀል አለው መሰለኝ» እያሉ ሲንሾካሾኩ፣ ግማሾቹ ፈርተው ቤታቸው ገቡ። ጥርሱና ቃሉ አንድ ላይ ወጡ ይባላል።

ወደ ደጀን ሲሄዱ ደግሞ የተሳፈሩበትን ሚኒባስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው። መኪናው ትርፍ ጭኗል፤ ሾፌሩ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ትራፊኩ ፈቃድህን አምጣ ሲል ሊቀ ቃላት አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ፈቃድ የሚለውን በሰባት ፊደል፣ ሁለት «ሲ» አስገብቶ በእንግሊዝኛ ይጠራላቸው እንደሆነ በትሕትና ጠየቁት። ትራፊኩ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። ሲያስብ፣ ሲያስብ፣ እዚያው እያሰበ በእጁ እለፉ አላቸው። ከዚያ ወዲህ የመናኸሪያው ሾፌር ሁሉ ሊቀ ቃላትን ጋቢና ለማስቀመጥ ይሻማል።

ያለምወርቅ ይቅር ያላለቻቸው የለቅሶ ቤቱን ነው። አንድ ጎረቤት ሚስቱ ሞታበት ድንኳን ተጥሏል። ሊቀ ቃላት ሐዘንተኛው አጠገብ ተቀምጠው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። ባለ አምስት ፊደል፣ መጨረሻው «ኤፍ»፣ ትርጉሙ ሐዘን። ያለምወርቅ ከሴቶቹ መሀል ሆና ከንፈራቸውን እያየች ምን እንደሚሉ አውቃለች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሐዘንተኛው ቀና ብሎ አያቸው። ለሰሚው ግራ ነው።

እንግዲህ ጉድ ፈላ የሚያሰኘው፣ ለሽምግልና መላክ ያለበት ሰው ይኸው ሰው መሆኑ ነው።

የያለምወርቅ አንድ ልጇ የሺዋስ የውኃ ፓምፕ ይጠግናል። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተ በበርበሬ ንግድ ያሳደገችው እሷ ናት። ከቁይ ከተማ ወረድ ብሎ ካለ ቀበሌ ፓምፕ ሊሠራ ሄዶ ምሥራቅ የምትባል የግብርና ባለሙያ አየ። ፓምፑ በአንድ ቀን ውኃ ማውጣት ጀመረ፤ እሱ ግን «ገና መፈተሽ አለበት» እያለ ሳምንት ሙሉ እዚያው ሰነበተ። ልጅቱም ወደደችው። የልጅቱ አባት አቶ አበባው ግን ለሚያውቁት ጎረቤት፣ ለባለወፍጮው ልጅ ሊድሯት አስበው ነበር። የከተማውን ልጅ ሥሩን አላውቀውም አሉ። ምሥራቅ የባለወፍጮውን ልጅ አላገባም ስትል አባትና ልጅ ተኳረፉ።

ኩርፊያ ስልህ ተራ ኩርፊያ አይደለም። ከመስከረም ጀምሮ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ አይነጋገሩም። አቶ አበባው ለሚስታቸው ለየብርጓል «ለልጅሽ ከብቱን አስገቢ በያት» ይላሉ፤ ልጅቱ እዚያው ቆማ። «ገብቷል በያቸው» ትላለች ምሥራቅ። ምስኪን የብርጓል መሀል ቆማ ወሬውን ወዲያና ወዲህ ታመላልሳለች። ምሥራቅ ታዲያ ለየሺዋስ ቁርጡን ነግራዋለች፤ የባለወፍጮውን ልጅ አላገባም፤ አባቴ ሳይመርቁኝ ግን ካንተም ጋር አልወጣም። ሽማግሌው ባዶ እጁን ከተመለሰ ነገሩ አከተመ ማለት ነው። የሺዋስ ምግብ አልበላ አለ፤ ያለምወርቅ ዐይኗ እያየ ልጇ ከሳ።

ሽማግሌ መምረጡ ላይ ቄስ ገብረ ኪዳን አሉ፤ የዕድሩ ዳኛ አሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ያለምወርቅ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። አባት የሌለው ልጅ በአባቱ ቦታ የሚቆምለት የእናቱ ወንድም ነው። አጎት በሕይወት እያለ ሽማግሌው ያለ አጎት ከሄደ፣ የልጅቱ ወገን ወይ ዘመድ የለውም ይላል፣ ወይ ከዘመዱ ተጣልቷል ይላል። ሥሩን አላውቅም ያሉ ሰው ቤት ሥሩን ቤት አስቀምጦ አይኬድም።

«ጋሼ፣ በኪዳነ ምሕረት ይዤሃለሁ፤» አለቻቸው፤ «እዚያ ቤት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ።»

ሊቀ ቃላት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ማሉ።

ኅዳር ውስጥ ሄዱ። እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆሙ፤ ተቀመጡ ቢባሉ ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም አሉ። ቄስ ገብረ ኪዳን ዝምድና ፈልገው እንደመጡ ተናገሩ። አቶ አበባው አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ ሰምተናል፣ አውድማው ይነሣና እንነጋገራለን አሉ። በወጉ ይህ እሺም እምቢም አይደለም፤ የአቶ አበባው አባባል ግን ወደ እምቢው ያጋደለ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ መጥተው እንደቆሙ ወጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሊቀ ቃላት ትንፍሽ አላሉም። ቄሱ በልባቸው፣ ምነው እህታቸው ይህን ባየች ብለው ነበር።

ከግቢው ሲወጡ ግን ፊት ለፊት የአቶ አበባው ማሳ ተዘርግቷል። ገብሱ ተነሥቶ እንደገና ታርሷል፤ ትልሙ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ጠማማ መሥመር የለችበትም። ሊቀ ቃላት ቆሙ። አዩት። ቄሱ ክንዳቸውን ሳብ ቢያደርጓቸው አልነቃነቅም አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«አቶ አበባው፣ እንዲህ ያለ ትልም አይቼ አላውቅም። ፈረንጅ ትልምን ምን እንደሚለው ያውቃሉ? ባለ ስድስት ፊደል ነው፤ መሀሉ ላይ ሁለት «አር» ጎን ለጎን የቆሙበት፤ መጨረሻው «ደብልዩ»።»

አቶ አበባው ግራ ገብቷቸው ሲያዩአቸው፣ ሊቀ ቃላት «ይደር» ብለው ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ያለምወርቅ ይህን ከቄሱ አፍ ስትሰማ ክው አለች። ሊቀ ቃላት መሐላዬን አላፈረስኩም ብለው ተከራከሩ፤ የማልኩት ቃል ላልናገር ነው፣ የተናገርኩት ፊደል ነው፣ ፊደል ደግሞ ቃል አይደለም አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ልጇ ጓዳ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል።

«አንተ ሰው ሲኖር ሰው ሲሞት አይታይህም፤» አለች። «የሚታይህ ስንት ፊደል እንደሆነ ነው። ሁለተኛ ለልጄ ጉዳይ እግርህን እንዳታነሣ።»

ሊቀ ቃላት ተነሥተው ሄዱ፤ በማግሥቱ አግዳሚው ላይ አልመጡም፤ በሣልስቱም አልመጡም። እፎይ አለች ያለምወርቅ መጀመሪያ። ሰው መጣ፣ ገዛ፣ ሄደ። ከዚያ ግን አንዱ መጥቶ የት ሄዱ ይላል፤ ሌላው ዞር ዞር ብሎ አይቶ ምንም ሳይገዛ ይመለሳል። ለካስ ለኮረሪማ ብሎ የሚመጣው ግማሹ ሰው የሚመጣው ለመጠየቅ ኖሯል። ገበያው ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እያለ አግዳሚው ባዶ ሲሆን ልቧ ጭር አለባት። ናፈቋት፤ ቁጣዋ ግን ገና ስላልበረደ ለራሷም አላመነችም።

በዚያው ሰሞን ያ ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤት መደብሩ ፊት ቆመ። ሊቀ ቃላትን ፈልጎ ነው። «ቃሉን አግኝቼዋለሁ በያቸው፤» አላት፤ «ያን ጊዜ ሁሉም ሰው አይዞህ ሲለኝ ነው የዋለው። አይዞህ ያላሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማስበው ሌላ ነገር ሰጥተውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ያለምወርቅ ሳትጠየቅ አንድ ጭብጥ ኮረሪማ ጠቅልላ ሰጠችው።

በወዲያኛው መንደር ደግሞ የሚሆነው ሌላ ነበር። ይህን ምሥራቅ ለየሺዋስ በስልክ ነግራው፣ የሺዋስ ምግብ እየበላ ለእናቱ የነገራት ነው፤ ምግብ እየበላ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አቶ አበባው ሽማግሌዎቹን ሸኝተው ወደ ማሳቸው ወረዱ። ትልሙን አዩት። ከልጅነት እስከ እውቀት ያረሱት፣ ማንም የሚያህለው የለም ብለው የሚኮሩበት ነገር ሌላ ስም እንዳለው እስከዚያ ቀን አስበውት አያውቁም። ምን ይሆን? የመንደሩን አስተማሪ ጠየቁት፤ እሱ አንድ ባለ አራት ፊደል ነገር ነገራቸው፤ ቆጥረው አልበቃ ሲላቸው ተናደዱ። ጥያቄው አብሯቸው አጨደ፣ አብሯቸው ከመረ። ትምህርት የቀመሰ ሰው ደግሞ በቤታቸው ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው። ጉዱ ይኼ ነው።

«ልጅሽን ትልም በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠይቂያት» አሏት የብርጓልን አውድማ ላይ።

ምሥራቅ ከምታበጥረው እህል ቀና ሳትል መለሰች። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ሰው እነግረዋለሁ በያቸው አለች። የብርጓል ይህን ወደ ባሏ አላደረሰችም። ሁለቱንም አየቻቸውና፣ ሰልችቶኛል፣ ጆሮ አላችሁ ብላ እንስራዋን ይዛ ወደ ወንዝ ወረደች። አባትና ልጅ አውድማው ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

አቶ አበባው ጅራፋቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። በሬዎቹን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምሥራቅ፤» አሉ በመጨረሻ። ስሟን ሲጠሩ ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። «ትልምን ምን ይሉታል?»

ምሥራቅ ነገረቻቸው። ደግሚው አሏት፤ ደገመችው። በእንጨት አውድማው ላይ ጻፈችላቸው፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። ስድስት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ፊደሎች መሀል ላይ ቆመዋል። አቶ አበባው በጣም ደስ አላቸው። ከጽሑፉ ላይ ዐይናቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሏት።

«ያ ልጅ ትልም ያውቃል?»

ስለ የሺዋስ ሲጠይቋት የመጀመሪያቸው ነው። የማን ልጅ ነው፣ ምን አለው ብለው ሰውን ጠይቀዋል፤ እሷን ጠይቀዋት አያውቁም። ምሥራቅ ልትዋሽ አሰበች፤ ተወችው።

«አያውቅም፤ አባዬ። ውኃ ወደ ትልም መላክ ግን ያውቃል።»

አቶ አበባው እሱም ያስፈልጋል አሉ። ከዚያ ተቀመጡና፣ አንዱን እየጠየቁ አንዱን እየተቆጡ፣ የብርጓል ውኃ ቀድታ እስክትመለስ ሲያወሩ ቆዩ። የብርጓል ከሩቅ ድምፃቸውን ስትሰማ እንስራው ከጀርባዋ ሊወድቅ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ አቶ አበባው መልእክት ላኩ። አውድማው ተነሥቷል፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ ያ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ እንዳይቀሩ። መልሱ እሺ ይሁን እምቢ ግን መልእክተኛውም አያውቅ፣ ምሥራቅም አልተነገራት። ሰው ልጁን ታረቀ ማለት ልጁን ዳረ ማለት አይደለም።

ያለምወርቅ መደብሩን ለጎረቤት ትታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሊቀ ቃላት ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ጫማቸውን ይጠርጋሉ። የተጠረገውን ደግመው ነበር የሚጠርጉት። በንግግሯ ከፍቷቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ኧረ ምን ከፋኝ አሉ፤ ፊታቸው ግን እንደከፋቸው ይናገራል። ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ናፍቀኸኛል አለቻቸው። ይህን ብላቸው አታውቅም፤ ሁለቱም አፈሩ። ስለ ትልሙ ስትነግራቸው ሊቀ ቃላት ቀስ በቀስ አንገታቸው ቀና አለ። እኔ እኮ አስቤበት ነው የጠየቅኩት፣ ነገሩን ገና ከበሩ አይቼዋለሁ አሉ። ውሸታቸውን ነው። ያለምወርቅም ውሸት መሆኑን እያወቀች፣ እንዴታ፣ አንተ ምን ይሳንሃል አለቻቸው።

በዚህኛው ጊዜ አላስማለቻቸውም።

ሽማግሌዎቹ ማለዳ ተነሥተው ሄዱ። ያለምወርቅ መደብሩን ከፍታ ስልኳን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። ሰው በርበሬ ሲላት ድንብላል ትሰፍራለች፤ ድንብላል ሲላት ዝም ብላ ታየዋለች። የሺዋስ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ከመደብሩ ጀርባ ቆሞ ጥፍሩን ሲበላ አየችው። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ስልኩ አይጮህም። እምቢ ካሉ ዛሬ ልጄን ምን እለዋለሁ እያለች ቃል ስትፈልግ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ! ምን አሉ?»

ከበስተኋላ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ቁጣ ይሁን ጨዋታ አይለይም። ሊቀ ቃላት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያለም፣ ባለ ሦስት ፊደል ነው።»

«ጋሼ፣ በፈጠረህ፣ ዛሬ እንኳ...»

«መጀመሪያው «ዋይ» ነው፤ መጨረሻው «ኤስ»። ትርጉሙ እሺ።»

ያለምወርቅ በዚያ ሁሉ ዓመት ከወንድሟ ጥያቄ አንዱንም መልሳ አታውቅም። እንግሊዝኛዋም በጣት የሚቆጠር ነው። ይህችን ግን የምትስት እናት የለችም። እንባዋ ቀደማት፤ ገበያው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያያት ድረስ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች።

«የስ!»

«ልክ ነሽ፤» አሉ ሊቀ ቃላት። «ተቀምጠናል።»